የሮም ሰኔ

ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሐበሻ ሞልቷል። አራት ኪሎ ሚጥሚጣ ባንድ ጊዜ የሚገዛ ግን ወይ ምግብ ቤት ያለው ነው፣ ወይ ልጅ የሚድር ነው፣ ወይ ንዴት ያቃጠለው ሰው ነው። ወይዘሮ አበበች በዚያ የመስከረም ማለቂያ ቅዳሜ ጠዋት ንዴት ያቃጠላቸው ሰው ነበሩ።

«ጨምር! አንኮራ!» ይሉታል ነጋዴውን። «የሚያስነጥሰውን፣ የሚያስለቅሰውን አምጣ። እንዳትቀላቅልብኝ!»

ነጋዴው ከዚህ ሁሉ የሚገባው «አንኮራ» የምትለዋ ብቻ ስለሆነች እሷን እየሰማ ይጨምራል።

«እትዬ አበበች! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ? ዮሲን ሊድሩት ነው እንዴ?»

ዞር ሲሉ ሶሊ ናት። ሶሊ የጓደኛቸው የወይዘሮ ፍቅር ልጅ ናት፤ እዚሁ ሮም ተወልዳ ያደገች፣ ቪቴርቦ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እርሻ የተማረች። እናቷ ጉልበቷ እስኪያብጥ የሰው ደረጃ ወልውላ ነው ያስተማረቻት። ታዲያ ልጅቷ «አፈር ነው የማጠናው» ያለች ቀን ወይዘሮ አበበች ለእናትየዋ አዝነው ነበር። «አፈር ለመማር ሮም ድረስ? አፈርማ ሰላሌም ነበረልሽ!» ብለዋታል በግልጽ።

አገላብጠው ሳሟትና «የምን ሠርግ! ለቀብር ነው» አሏት።

«ውይ! የማን ቀብር?»

«የአጋዘን!»

ሶሊ ሳቀች። የተናደደ ሰው ፊት መሳቅ ደግሞ በቁስል እንጨት መስደድ ነው።

«ሳቂ! ሳቂ እንጂ! ያንቺ ጎመን አልተበላ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ አበበች ስድስት ዓመት ሙሉ ሲኞራ ኢዳ የሚባሉ አሮጊት ሲንከባከቡ ኖረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ሲኞራዋ «የምሞተው አባቴ ቤት ነው» ብለው ከከተማው አፓርታማ ወጡና በላውሬንቲና መንገድ ወጣ ብሎ ያለው የገጠር ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ አበበችም አብረው ሄዱ። ቤቱ አጠገብ ጣሊያኖቹ ኦርቶ የሚሉት የጓሮ አትክልት ቦታ አለ። ሲኞራዋ «ውሰጂው፣ ደስ ያለሽን አብቅዪበት» አሏቸው። እሳቸውም ጎመን፣ ባቄላ፣ ቃሪያ አበቀሉበት። ለራሳቸው ሆድ እንዳይመስላችሁ። ልጃቸው ዮሲ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ለእመቤታችን ተስለው ነበር፤ «ልጄን ብታድኚልኝ በየወሩ በሃያ አንድ በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ሠርቼ ከተማው ዳር ሮማኒና ሰፈር ለተጠለሉት ስደተኞች አደርሳለሁ» ብለው። ልጁ ዳነ። ድስቱም በየወሩ በአውቶቡስ ይጓዝ ጀመር። ሮማኒና ያሉት ልጆች ሃያ አንድ ሲደርስ ሳህናቸውን ይዘው ደጅ ይቆማሉ።

ዘንድሮ በዚህ አገር በጋ ግን አጋዘኖቹ መጡ። ጣሊያኖቹ ዳይኒ የሚሏቸው፣ ጀርባቸው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲያዩአቸው መልአክ የሚመስሉ። ከቤቱ በላይ ካለው ጫካ ዳገቱን ወርደው የነሐሴን ድስት ሙሉውን በሉት፤ የመስከረምን ግማሹን። ለጥቅምት የቀረው ጥግ ላይ ያለችው አንድ መደብ ጎመን ብቻ ናት።

«ታዲያ ከገበያ ገዝተው ቢሠሩስ?» አለች ሶሊ።

«አፍሽን ያዥ! ስለቴ በገዛ እጄ ያበቀልኩትን ነው። እመቤቴን በገበያ ጎመን ላታልላት ነው? ይሄን ሚጥሚጣ በጎመኑ ዙሪያ እበትነዋለሁ። እሱ ካልመለሳቸው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ጥበቡ ወጥመድ ይዞልኝ ይመጣል።»

የሶሊ ሳቅ ቆመ። «የምን ወጥመድ?»

«የቢስክሌት ፍሬን ሽቦ ነዋ። አስራ ሁለት ሠርቷል። አንገታቸው ሲገባ ጭጭ!»

«እትዬ! ይሄ እኮ በሕግ ያስጠይቃል።»

«ጎመኔን የበላውስ በሕግ ይጠየቃል?»

«ሲኞራ ኢዳ ያውቃሉ?»

ወይዘሮ አበበች የሚጥሚጣውን ከረጢት ማሰር ያዙ። ሲኞራዋ የተናገሩትን አልረሱትም፤ «አንዲት ዳይኖ ሞታ ካገኘሁ ኦርቶውን በቁልፍ እዘጋዋለሁ» ነበር ያሉት። እንግዲህ አጋዘኑ ከኖረ ጎመኑ የለም፤ አጋዘኑ ከሞተ ቦታው የለም። በሁለቱም በኩል ስለቱ ሊሰበር ነው። ያንገበገባቸውም ይሄው ነው።

«አብሬዎት ልሂድና ቦታውን ልየው» አለች ሶሊ።

«ምን ልታደርጊ? ልታለቅሺላቸው?»

«እርሻ አይደል የተማርኩት?»

«ነይ እንግዲህ። ሌላ ቢቀር ከረጢቱን ትይዥልኛለሽ።»

ላውሬንቲና ድረስ በሜትሮ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ላይ ከፊታቸው የተቀመጠው ሰውዬ ሦስቴ አነጠሰ፣ ከረጢቱን አየ፣ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ወይዘሮ አበበች «ይኸው! ይሠራል!» አሉ።

«አሎራ፣ እትዬ፣» አለች ሶሊ፣ «ሲኞራዋ ለአጋዘኖቹ የሚበላ ነገር ይዘራላቸው ብለው አያውቁም?»

«እሱን ባታነሺብኝ ጥሩ ነበር! አምና አንድ ጆንያ ዘር አስመጡና ‹ይሄን ዝሪልኝ፣ ኮልቱራ ኣ ፔርዴሬ ነው› አሉኝ። ፔርዴሬ! ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ እዚህ አገር፤ ፔርዴሬ ማለት መጥፋት፣ መክሰር እንደሆነ አላጣውም። እንዲጠፋ የሚዘራ እህል! እግዚኦ በይ! አባቴ አንድ ቁና ዘር እንዳይነካ ብሎ እኛን ልጆቹን ጦማችንን አሳድሮናል። ዘር አይበላም፣ ዘር አይጣልም። እነዚህ ለአውሬ ይጥሉታል! ሮማኒና ሰው ደረቅ ዳቦ ቆርጥሞ ይተኛል፣ ለአጋዘን ማሳ ይዘራለታል! ይሄ ፍርድ ነው? የተማርሽ ነሽ አይደል፣ ንገሪኝ እስቲ፣ ይሄ ፍርድ ነው?»

እንደ እውነቱ ከሆነ ቁጣው ከንቱ አልነበረም። ሰው በሚራብበት ከተማ ለአውሬ ማብላት ሲባል ያልተቆጣ ሆድ ምን ሆድ ነው? ሶሊም ይሄን አላጣችውም።

«ሰው መራቡ ፍርድ አይደለም፣ እትዬ። ግን ዘንድሮ የሮማኒናን ድስት ያጎደለው ምንድን ነው?»

«አጋዘን ነዋ! ስንቴ ልንገርሽ?»

«አጋዘኑ ለምን ጎመን ላይ መጣ?»

«ሆዳም ስለሆነ!»

«ሆዱ ሌላ ቦታ ቢሞላስ?»

«ሜዳው ሙሉ የእግዜር ነው፤ ይሂድና ይብላ። አውሬን የሚያበላው ፈጣሪ ነው እንጂ አበበች አይደለችም።»

«ፈጣሪ የሚያበላበትን ሜዳ እኛ አጥረነዋል እኮ። በዚህ በኩል ቤት፣ በዚያ በኩል አውራ ጎዳና። የቀረችው ከመንገዱ የምትታየው ደረቅ ዳገት ናት፣ እሷም በበጋ ትቃጠላለች። ማዕዱን አንስተን ‹ለምን ከእጄ ነጠቅከኝ› ማለት ይሆንብናል።»

«ኧረ አፏ! እናትሽ ይሄን ሁሉ ገንዘብ ከስክሳ ለአጋዘን ጠበቃ ነው ያደረገችሽ?»

ሶሊ አልተቀየመችም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባትዎ እህል ሲያጭዱ እስከ ድንበሩ ጥርግ አድርገው ነበር የሚያጭዱት?»

«ተይ እንጂ! ምን ስግብግብ አደረግሽው? ቃርሚያ ይተዋል። ለደሃ ይተዋል፣ ለወፍ ይተዋል። ጥርግ አድርጎ ያጨደ ጎተራው በረከት የለውም።»

«ቃርሚያው ጠፋ ይባላል?»

«አይባልም! ቃርሚያ በረከት ነው።»

«ኣ ፔርዴሬ የሚሉት እሱን ነው፣ እትዬ። ጣሊያኖቹ ስሙን አበላሹት እንጂ ቃርሚያ ነው።»

ወይዘሮ አበበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ቃርሚያ ለሰው ነው» አሉ።

«ለወፍ ይተዋል አሉኝ አሁን።»

«ወፍ ወጥመድ እስኪያስፈልገው ድረስ አይበላማ!» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆይተው ግን ራሳቸው ጀመሩት። «ደግሞ ክፉ ሰው እንዳልመስልሽ። ከዚህ በፊት የደረቀ ዳቦ ወርውሬላቸዋለሁ።»

«እሱ ነው እንዲያውም የሚጎዳቸው። ዳቦ ሆዳቸውን ያሳምማል፤ ከሰው ቤትም ያላምዳቸዋል። የሚበቅል ነገር ሌላ ነው፤ በሩቁ፣ በራሳቸው ቦታ፣ እንደ አውሬነታቸው ይበሉታል። ቆይ፣ ያ የሲኞራዋ ዘር ምን ሆነ?»

«ዘራሁታ! የቀጠረችኝን ሴትዮ እምቢ አልል። ዘራሁት፣ አልበቀለም። ጉንዳን ለቀመው። እኔም ሄጄ ‹ሲኞራ፣ እንዳሉት ሆኗል፤ ጠፍቷል› አልኳቸው።» ይቺን ቀልድ ሲነግሯት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «መሬቱ መሬት አይደለም ልጄ። ድንጋይ ነው። የተረገመ ነው።»

ከአውቶቡስ ወርደው ሲደርሱ ጥበቡ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሽቦዎቹን እንደ ጥቅል ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ጥበቡ ሮማኒና የሚኖር የወሎ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል። የቀን ሥራ ሲገኝ ይሠራል፣ ሳይገኝ ይቀመጣል። ከድስቱ ከሚበሉትም አንዱ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ማን ናት? ምስክር ይዘው መጡብኝ እንዴ?»

«የአጋዘን ጠበቃ ናት። ተዋት፣ ትይና ትሂድ።»

ሶሊ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና ቀጥታ ወደ ኦርቶው ገባች። ከጥግዋ መደብ በቀር ጎመኑ አገዳው ብቻ ቆሟል። የባቄላው ቦታ ባዶ ነው። ይሄን ሲያዩ ወይዘሮ አበበች ንዴታቸው እንደ አዲስ ተነሳ። «እይው! እይውና አሁን ተሟገቺ!»

ሶሊ ግን የምታየው ሌላ ነበር። የውሃ ማጠጫው ጎማ ከአጥሩ ሥር ሁለት ቦታ ተቀጥሏል፤ በመገጣጠሚያው ያፈሳል። በሚያፈስበት ቦታ ከአጥሩ ውጭ አንድ ምንጣፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር በቅላለች፤ ጫፍ ጫፏ ተግጧል። ተንበርክካ ነቀለች።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳር ነዋ።» ጠጋ ብለው ተቀበሏት። ሦስት ቅጠል፣ ትንሽ ክብ። «እህ! ማገጥ ነው! ይሄማ ማገጥ ነው። አገራችን ላም ካየችው አትነሳም። ማን አመጣው እዚህ?»

«ይሄኛው ደግሞ አልፋልፋ ነው። ይሄ ሰፋ ያለው ሱላ ይባላል። እትዬ፣ ያንን ዘር የት ነበር የዘሩት?»

«እዚሁ። ከአጥሩ ሥር፣ ከዚህ እስከዚያ። በዚህ ጉልበቴ ያንን ዳገት ልወጣ ነበር?»

«መቼ?»

«በወቅቱ ነዋ! ሰኔ ሚካኤልን አክብሬ በማግስቱ፣ ስሙን ጠርቼ። ገበሬ ታዲያ መቼ ይዘራል?»

ጥበቡ ሽቦውን ከትከሻው አወረደ። ሶሊ ቀስ ብላ፣ እንደ ሐኪም ቀስ ብላ፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር በሰኔ ይዘንባል?» አለች።

ወይዘሮ አበበች የያዙትን ማገጥ አገላብጠው አዩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት! በሰኔ ጣሊያን ልብሱን አውልቆ ባሕር እንደሚሄድ፣ አስፋልቱ እንደሚቀልጥ፣ እስከ መስከረም ጠብታ እንደማይወርድ ከማንም በላይ ያውቃሉ። በሰኔና በሐምሌ የስንት ሽማግሌ ላብ ጠርገዋል። ግን እስከዚያ ድረስ እዚህ አገር በዝናብ የሚበቅል ነገር ዘርተው አያውቁም፤ ኦርቶውን በጎማ ነው የሚያጠጡት፣ ሰማይ ቀና ብሎ ያየ የለም። ያን ጆንያ ሲከፍቱት፣ ዘሩ መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ፣ እጃቸው ሰላሌ ነበር። እጃቸው በሰኔ ዘራ።

«እና...» አሉ፣ «የዚህ አገር ሰኔ መቼ ነው?»

«አሁን ነው፣ እትዬ። የሮም ሰኔ መስከረም ነው። ዝናቡ አሁን ነው የሚጀምረው፤ እስከ ሚያዝያ ይሄዳል።»

«እኛ ዝናብ አለቀ ብለን ስናመሰግን?»

«እነሱ ዝናብ መጣ ብለው ይዘራሉ።»

ጥበቡ ግጦሹን በእግሩ እየነካካ ቆየና ነገሩ ገባው። «ቆይ ቆይ። ታዲያ በበጋው ሁሉ ነገር ሲደርቅ አረንጓዴ የነበረው ይቺ ብቻ ናት። እነሱ ይቺን አሽትተው መጡ፤ ይቺን ሲግጡ ጎመኑን አዩ። እትዬ! ራስዎ ጠርተው ነው እንዴ ሊያንቋቸው የነበረው?»

«ዝም በል አንተ!»

«ድግስ ጠርቶ እንግዳ ማነቅ! ወሎ እንዲህ አይደረግም እኮ!»

«ዝም በል አልኩህ! ወሎ ብሎ ነገር! ሽቦውን የሠራው ማን ነው? እናንተ ሁለታችሁ ተጠራርታችሁ ጥፋቱን በኔ ልታደርጉት ነው!»

«ጥፋት አይደለም፣ እትዬ» አለች ሶሊ። «ወቅቱን ማንም አልነገረዎትም።»

ይሄን ሲሰሙ ቁጣቸው የሚሄድበት መንገድ አገኘ። «እውነትሽን ነው! ማንም አልነገረኝም! ዘር ሰጥቶ ወቅት መደበቅ ምን ማለት ነው?» አሉና ጉልበታቸው ያመማቸው ሰው ሳይመስሉ ደረጃውን ወጡ። ሲኞራ ኢዳ በረንዳው ላይ ነበሩ።

«ሲኞራ! ያንን ዘር ሲሰጡኝ በመስከረም ነው የሚዘራው ብለው ለምን አልነገሩኝም? ለምን?»

ሲኞራ ኢዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «የገበሬ ልጅ ነኝ አልሽኝ፣ አበበች። የገበሬን ልጅ መዝራት ላስተምር ነው? ነውር መስሎኝ ተውኩት። ከዚያ ሳይበቅል ሲቀር ደግሞ አዝነሽ ይሆናል ብዬ አላነሳሁትም።»

አንዷ ላለማስቀየም ዝም አለች፣ አንዷ ላለመጠየቅ ኮራች፤ በመሐል ጆንያ ሙሉ ዘር ጠፋ። ስንቱ ነገራችን እንዲህ እንደሚጠፋ ቤት ይቁጠረው። ልጆቻችንን ጉልበታችን እስኪያብጥ እናስተምራለን፤ የተማሩትን ሊነግሩን ሲመጡ «አንቺ ደግሞ!» እንላለን። ታዲያ ለምን አስተማርናቸው? ለፎቶ ነው?

ወደ ታች ሲወርዱ ሶሊና ጥበቡ ወደ ዳገቱ እየጠቆሙ ይነጋገራሉ። ወይዘሮ አበበች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «አሁን ንገሪኝ። በመጀመሪያ፣ አጋዘኖቹ የሚደለቡት ለጠመንጃ ከሆነ ከደጄ ሂጂ። አብልቶ መግደል አልወድም።»

«ሲኞራዋ በመሬታቸው ላይ አደን አያስገቡም። ለመዝራቱም ጫካውን ለሚጠብቀው ለፓርኮው ጽፈው አምና ፔርሜሶ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ አግኝተዋል። አሁን እርስዎ ከበረንዳው ዞር ሲሉ ከሥር ቆሜ ጠየቅኳቸው።»

«ቫ ቤኔ። ሁለተኛ፣ ያ ድንጋይ ምን ያበቅላል?»

«ድንጋይ የመሰለው ስለተራቆተ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ሽው ብሎ ይወርዳል፣ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን አግድም እናርሳለን፤ ትልሙ ውሃውን ይይዘዋል። አጃ እንዘራለን፣ ቶሎ ይነሳና ለዚህ አገር ክረምት፣ ለብርዱ፣ ይበላል። ከሥሩ ማገጥ። አልፋልፋ ደግሞ ሥሯ ከሰው ቁመት በላይ ይወርዳል፤ በበጋ ሁሉ ሲደርቅ እሷ ከታች ውሃ ታገኛለች። ሱላም ድርቅ ትችላለች፣ ግን አዲስ አፈር ላይ ብቻዋን አትሆንም። ሱላ ከቆየበት ማሳ አንድ ባልዲ አፈር አምጥተን ከዘሩ ጋር መለወስ አለብን።»

«እንደ እርሾ!» አሉ ወይዘሮ አበበች ሳያስቡት።

«እንደ እርሾ! በትክክል!»

«ታዲያ እንደዚህ ብለሽ አትነግሪኝም ከጠዋቱ?» ብለው ተቆጡ። «ሥር፣ ትልም፣ እርሾ፤ ይሄ የኔ ቋንቋ ነው። ፔርዴሬ ፔርዴሬ ስትሉኝ ነው የተናደድኩት። ቀጥዪ።»

«ቦታው ከዚህ መራቅ አለበት። ጫካው ጥግ፣ ዳገቱ ላይ፣ ከመኪና መንገዱ በተቃራኒ። ከጫካ ወጥተው በልተው እዚያው ይመለሱ። ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ሁለት ወር ይታጠር፤ ገና በጥርስ ከተነቀለ አይተርፍም። እስከዚያ የጥግዋን ጎመን በመረብ እንሸፍናታለን፣ ጎማውም ይጠገን። ሚጥሚጣውን ግን ይመልሱት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል።»

«አልመልስም። ለሰው ይሆናል። አሁን ዋናውን መልሺልኝ፤ የሰው ድርሻስ? ያ ሁሉ ማሳ ለአውሬ ብቻ ከሆነ እመቤቴ ፊት አልቆምም።»

ሶሊ ይሄን ጊዜ አሰበች። መጽሐፏ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ነበር። «እውነትዎን ነው» አለች። «ማገጥና አልፋልፋ መሬቱን ያፋፋሉ። ሁለት ዓመት እነሱ ከበሉበት በኋላ ቦታውን ወደ ጎን እናዞርላቸዋለን። የለቀቁት ላይ ባቄላና ሽምብራ ለሮማኒና ይዘራል። እየተለዋወጡ።»

«ይሄን ጻፊው» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ሲኞራዋ ይፈርሙበት። ያን ጊዜ እኔም እዘራለሁ።»

ሲኞራ ኢዳ ፈረሙ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጎረቤት በትራክተር አግድም አረሰላቸው፤ ጥበቡ ዘራ። ሲዘራ ያየው ሰው የቀን ሠራተኛ ነው አይልም፤ እጁ ከወገቡ ጋር ይሄዳል፣ ዘሩ በወንፊት እንደተነፋ ይወርዳል። ወይዘሮ አበበች ከታች ሆነው «አታጥልቀው! ከጥፍር በላይ አታልብሰው!» ይላሉ፣ ይሄን ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል። ቅርንጫፍ ቆርጠው አጥር ሲሠሩ ማሰሪያ ጠፋ። ጥበቡ አስራ ሁለቱን ሽቦ አንድ በአንድ ፈታታቸውና አጥሩን አሰረባቸው። በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ወይዘሮ አበበች ነጠላቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ወጡና፣ ሰላሌ ሰኔ ሲገባ እናታቸው እንደምታደርገው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አመሰገኑ።

የጥቅምት ድስት ትንሽ ነበር፣ ግን ሄደ። የኅዳርም ሄደ። ታኅሣሥ ላይ አጥሩ ሲከፈት አጋዘኖቹ አጃውን አገኙትና ከዚያ ወዲህ ኦርቶው አጥር ላይ የእግር ኮቴ አልታየም። ሚያዝያ ላይ ሱላው አበበ፤ ዳገቱ ሙሉ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ጎረቤትየው የንብ ቀፎዎቹን ላስቀምጥበት ብሎ ለመነ። በክረምቱ ጎርፍ አፈሩ ወደ ግቢው አልወረደም፤ ድሮ በየዓመቱ በአካፋ ይጠረግ ነበር። አጋዘን ሣር ፍለጋ መንገድ ስለማያቋርጥ በዚያ ዓመት ከበራቸው ፊት አንዱንም መኪና አልገጨውም። ጥበቡንም ያየ ሌላ ባለመሬት «እንደዚያ ዝራልኝ» ብሎ ጠራው፤ ከዚያ ሌላው ጠራው፤ በመጨረሻ የእርሻ ኮንትራቶ ጻፉለት። በዚያች ኮንትራቶ ለሁለት ዓመት የተንጠለጠለችው የመኖሪያ ፔርሜሶው ታደሰች። በእጁ ያለውን ሙያ አውጥቶ የሚያሳይበት ቦታ እስከዚያ አጥቶ ነው እንጂ ሰውየውስ ገበሬ ነበር።

ይሄ ሁሉ የመጣው አንዲት ልጅ «መቼ ዘሩት?» ብላ ስለጠየቀች ነው። እናንተም ልጅ አስተምራችሁ እንደሆነ ጠይቋት፣ ስትጠይቃችሁም መልሱላት። የማያውቁትን መጠየቅ ክብር አይቀንስም። ደግሞ ከማሳችሁ ጠርዝ የምትተዉትን ከሰረ አትበሉ። የተተወለት ያልተተወለትን አይነካም።

ወይዘሮ አበበች ግን ቁጡ ናቸው፣ አልተለወጡም። በግንቦት አንድ ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ዳገቱን ወጡ። ቀንዱ እንደ እጅ መዳፍ የሰፋ ትልቅ ወንድ አጋዘን መሐል ማሳው ላይ ቆሞ ይግጣል፤ ሁለት ትንንሾች ሊጠጉ ሲሉ በግንባሩ እየገፋ ያባርራቸዋል። ወይዘሮ አበበች ዱላቸውን መሬት መቱ።

«አንተ!» ብለው ጮኹ። «ስግብግብ! ላንተ ብቻ ነው እንዴ ያረስነው? ዘወር በልላቸው! እናት የሌላቸው መሰለህ?»

ወንዱ ቀና ብሎ አያቸው። ቆየ። ከዚያ አራት እርምጃ ወደ ጎን ሄደ፤ ትንንሾቹም ገቡ።